ሌላ በሽታ የሚመስሉ የደም ካንሰር ምልክቶች

የደም ካንሰር በአጥንት መቅኔ ወይም በንፍፊት ውስጥ የሚገኙ ሕዋሳት ከቁጥጥር ውጭ ሲራቡ የሚከሰት ሕመም ነው። ሉኪሚያ፣ ሊምፎማ እና ማይሎማ ዋና ዋና ዓይነቶቹ ናቸው። ድካም፣ ትኩሳትና የክብደት መቀነስ በስፋት ይታወቃሉ፤ ሌሎች ምልክቶቹ ግን የቀላል ሕመም ስለሚመስሉ ችላ ይባላሉ።

ያልተለመዱ ምልክቶች

👉 የድድ ማበጥና መድማት፤ የጥርስ ሕመም ሊመስል ይችላል።

👉 በቆዳ ላይ የሚወጡ፣ በጣት ሲጫኗቸው የማይጠፉ ጥቃቅን ቀይ ነጠብጣቦች፤ ያለ ምክንያት የሚከሰት መበለዝና ነስር።

👉 ጥቂት ተመግቦ ቶሎ መጥገብና በግራ ጎን የክብደት ስሜት፤ መንስኤው የጣፊያ ማበጥ ሊሆን ይችላል።

👉 ሽፍታ የሌለው የማያቋርጥ ማሳከክ እና ልብስ የሚያርስ የሌሊት ላብ።

👉 በሕፃናት ላይ ያለ ጉዳት የሚመጣ ማነከስና የአጥንት ሕመም፤ በጎልማሶችና በአረጋውያን ደግሞ የማይለቅ የወገብ ሕመም።

ለምን ሳይታወቅ ይቆያል?

ትኩሳትና የጣፊያ ማበጥ በወባም ይከሰታሉ። እንደ መተማና ሁመራ ባሉ ቆላማ አካባቢዎች የሚገኘው ካላዛርም ተመሳሳይ ምልክት አለው። የአንገት ንፍፊት እብጠት ደግሞ ከሳንባ ውጭ ከሚከሰት የቲቢ በሽታ ጋር ይመሳሰላል። ስለዚህ እነዚህ ምልክቶች ያሉት ሰው ሁሉ ካንሰር አለበት ማለት አይደለም። ሆኖም ሕክምና ተወስዶ ለውጥ ካልታየ ምርመራው እንደገና ሊታይ ይገባል።

ምርመራው

የመጀመሪያው እርምጃ የደም ሕዋሳትን ዓይነትና ብዛት የሚለካው ሲቢሲ የተባለው የደም ምርመራ ነው። ውጤቱ ጥርጣሬ ካሳደረ የደም ናሙና በማይክሮስኮፕ ይታያል። ለማረጋገጥም አካባቢው ከደነዘዘ በኋላ ከዳሌ አጥንት የመቅኔ ናሙና ይወሰዳል። ሊምፎማ ሲጠረጠር ካበጠው ንፍፊት ናሙና ይወሰዳል። የሲቢሲ ውጤት ጤናማ መሆን ብቻውን ሊምፎማና ማይሎማ አለመኖራቸውን አያረጋግጥም።

ዓይነቱን በትክክል መለየት ሕክምናውን ይወስናል። ለምሳሌ ሥር የሰደደ ማይሎይድ ሉኪሚያ በዘረመል ምርመራ ከተረጋገጠ፣ ኢማቲኒብ በተባለ በየቀኑ በሚዋጥ እንክብል ለረጅም ዓመታት መቆጣጠር ይቻላል።

ምን ማድረግ ይገባል?

ምልክቶቹ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል። ከፍተኛ ትኩሳት ወይም የማይቆም መድማት ካለ ግን አንድ ቀን እንኳ መጠበቅ አይገባም። እንደ ዴክሳሜታዞንና ፕሬድኒሶሎን ያሉ መድኃኒቶችን ያለ ሐኪም ትዕዛዝ መውሰድ እብጠቱን ለጊዜው በማጥፋት ምርመራውን ሊያሳስት ይችላል። ቀደም ሲል የተሠሩ የምርመራ ውጤቶችን ይዞ መቅረብም ሐኪሙ ለውጡን እንዲያነጻጽር ይረዳል።