የዝልግልግና ሙቀት አስተላላፊ ጋዝ እኩልታዎች፦ የረጅም ጊዜ ጠባይ
የውስጥ ሰበቃ ያለውና ሙቀት የሚያስተላልፍ ጋዝ ፍሰትን የሚገልጹት የናቪየ፣ ስቶክስና ፎሪየ እኩልታዎች ውሎ አድሮ ወዴት ያመራሉ? መልሱ ወደ ጸጥታ ነው፤ ግን በቅድመ ሁኔታ፦ ጋዙ ከውጭ ሙቀት በማይገባበት ዝግ ዕቃ ውስጥ ሲሆን። ውስጡ ባዶ የሆነ የደጋ ቀርከሃ እንውሰድ፤ በሁለት አንጓዎች መካከል የታሸገው አየር በአንድ ጫፉ ሞቆ ቢተው፣ ሰበቃው እንቅስቃሴውን ወደ ሙቀት ይለውጣል፣ ሙቀቱም እስኪተካከል ድረስ ይሰራጫል። የሒሳብ ሊቃውንቱ ካዢኾቭና ሼሉኺን እ.ኤ.አ. በ1977 በአንድ አቅጣጫ ብቻ ለሚፈስ ጋዝ መፍትሔው ለዘለቄታው እንደሚኖር አረጋገጡ። በሦስት አቅጣጫ ግን ማትሱሙራና ኒሺዳ በ1980 ይህን ያሳዩት ከእርጋታ ብዙም ላልራቀ ጅምር ብቻ ነው፤ ጅምሩ ትልቅ ሲሆን ማረጋገጫቸው አይሠራም፣ ይህ ልዩነት ሊድበሰበስ አይገባም። «ታዲያ የውጭው ነፋስ ለምን አያርፍም?» የሚል ተቃውሞ ቢነሳ፣ እኩልታው አልተሻረም፤ ፀሐይ በየቀኑ ምድሩን ስለምታሞቅ የዝግ ዕቃ ቅድመ ሁኔታው ከመነሻው አልተሟላም።