ብሩ በየት በኩል ያልፋል?

ካቺሲ ያስተማርኩት አንድ ልጅ ሰሞኑን በውስጥ መስመር ጻፈልኝ፤ ስሙን አልጠራም። «ቲቸር፣ ወንድሜን ካገቱት ሰዎች ለማስለቀቅ የምንከፍለው ብር ሽብርን በገንዘብ መደገፍ ይባልብናል?» ይላል። የሕግ ሰው አይደለሁም፣ የታሪክ መምህር ነኝ። ስለዚህ ከታሪኩ ልጀምር።

እ.ኤ.አ. በ2001 ከመስከረም 11ዱ ጥቃት በኋላ የጸጥታው ምክር ቤት በውሳኔ 1373 አገሮች ሁሉ የሽብር ገንዘብን እንዲገቱ አዘዘ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ አሜሪካ አል በረካት የተባለውን የሶማሌዎች ሐዋላ አገደች። ከውጭ በሚላክለት ብር የሚኖር ስንት ቤተሰብ ተቸገረ! በኋላ የጥቃቱ መርማሪ ኮሚሽን ባለሙያዎች ድርጅቱን ከአልቃይዳ ጋር የሚያገናኝ ማስረጃ እንዳልተረጋገጠ ጻፉ።

ሕጉ እኛም ጋ መጣ። የፀረ ሽብር አዋጅ 652 በ2001 ዓ.ም.፣ ገንዘቡን የሚመለከተው አዋጅ 780 በ2005 ዓ.ም. ወጡ። ባንኮች ደንበኛቸውን እንዲያውቁ፣ አጠራጣሪ ዝውውር ሲያዩም ለፋይናንስ ደኅንነት ተቋሙ እንዲያሳውቁ ታዘዙ። እንዲያም ሆኖ ፋትፍ የሚባለው ዓለም አቀፍ ግብረ ኃይል የካቲት 2009 በክትትል ዝርዝሩ ውስጥ አስገባን፤ የወጣነው ጥቅምት 2012 ነው።

መስከረም 2013ን ታስታውሳላችሁ? የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ተቀየሩ፣ ባለ 200 ተጨመረ። ከተነገሩት ምክንያቶች አንዱ የሕገወጥ ሥራን የገንዘብ ምንጭ ማድረቅ ነበር። በዚያ ሰሞን ጤፍ ሸጠው ያጠራቀሙትን ብር በነጠላቸው ቋጥረው ባንክ በር ላይ የተሰለፉ እናት አይቻለሁ። ደንቡ ቀድሞ ያገኘው እሳቸውን ነው።

ባንክ የሚቆጣጠረው በባንክ የሚያልፈውን ነው። በሬ ተሽጦ፣ ከዕቁብ ተበድሮ፣ ከዘመድ ተለምኖ በፌስታል የሚሄደውን የእገታ ብር የትኛው ማሽን ያየዋል? ያን የሚያቆመው ሰላማዊ መንገድ ነው፤ ቤተሰብም «እኔው ልጠየቅ ይሆን?» ሳይል ደፍሮ የሚያመለክትበት ቦታ ነው።

ለልጁ ይህን መለስኩለት፦ ሕጉ የታሰበው ሆን ብሎ ለሚሰጥ ሰው ነው፤ በልጁ ነፍስ ተገዶ የሚከፍል አባት ለእኔ ተበዳይ ነው። ለማንኛውም ጠበቃ አማክሩ አልኩት።

ይህን ስጽፍ ወንድሙ ገና አልተመለሰም። ወዳጆቼ፣ በጸሎታችሁ አስቡት።