የመስከረም 1 ምሽት ፊልም

ወሬ የሰውን ሐሳብ እንዴት እንደሚለውጥ እኛ የአብነት ልጆች በዓይናችን አይተናል።

መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ «ዛሬ ማታ ቴሌቪዥን እዩ» አለ። ቴሌቪዥን ያለው ቤት ጥቂት ነበርና እኛ ጎረምሶቹ በጎረቤት መስኮት ተደራርበን አየን። እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ ወሎ ላይ ያነሣው የረሃብ ፊልም ነው። በመሐሉ ግን የቤተ መንግሥት ግብዣና ጃንሆይ ውሻ ሲያበሉ ተቀጥሎበታል። እናቶቻችን አለቀሱ። በነጋታው ጃንሆይ ወርደው በቮልስዋገን ሲወሰዱ «ሌባ!» ብሎ የጮኸ ነበር።

ረሃቡ እውነት ነበር፤ የንጉሡ መንግሥት ደብቆታል። ግን ያንን ያሳየን ደርግ ራሱ፣ መስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱን 10ኛ ዓመት ሲያከብር፣ ወሎና ትግራይ በረሃብ እያለቁ የሚያሳየን ሰልፍና መብራት ነበር። ዓለም ጉዱን ያየው በጥቅምት፣ ቢቢሲ ባሳየው የኮረም ፊልም ነው።

እንግዲህ የሚያታልለው ውሸት ብቻ አይደለም፤ እውነትም ሲፈለግ እየወጣ፣ ሳይፈለግ እየተደበቀ ያታልላል።

የዕድራችን ጡሩምባ ሲነፋ «ማን ሞተ? የማን ቤት?» ሳንል ነጠላ አናዘቀዝቅም። በቴሌቪዥንም በስልክም ወሬ ሲመጣ እንደዚሁ «ነጋሪው ማነው? ለምን ዛሬ?» እንበል።