አራት ሜትር ሞላ

አባቴን መኪና ውስጥ እንቅልፍ ይወስደዋል፤ አልጋ ላይ ግን አይወስደውም። ሠላሳ ምናምን ዓመት የጅቡቲን መንገድ በተሳቢ ሲመላለስ ኖሮ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል። እህቴ ገበያ ልትወስደን መኪናዋን ካስነሳች ግን ከሰፈራችን ሳንወጣ ከኋላ ወንበር ማንኮራፋቱ ይሰማል። እማዬ «እዚያው መኪናው ውስጥ እናንጥፍለት» ትላለች። እየቀለደች ነው፤ ግን እሷም አብራው እንቅልፍ ካጣች ቆይታለች።

የእኔ እንጀራ ኮድ መጻፍ ነው። ዲግሪዬ ግን የመካኒካል ምህንድስና ነው፤ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር አባቴ እያሳየ ይኮራበታል። ባለፈው ክረምት «እስቲ ይሄ ዲግሪ አንድ ቀን እንኳ ይሥራ» ብዬ ምናለሽ ተራ ሄድኩ። ከምን ማሽን እንደወጡ ሻጩም የማያውቃቸው አራት ለስላሳ ሞላዎች ገዛሁ። ሰፈራችን ያለ በያጅ ጋ ወስጄ ከአንድ የድሮ ባለመደገፊያ ወንበር ስር አስበየድኳቸው። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ መኪና ሞላ ላይ ነው የሚሄደው፣ አባቴ መኪና ላይ ነው የሚተኛው፣ ስለዚህ ወንበሩንም ሞላ ላይ ማስቀመጥ ነው።

አባቴ ተቀመጠ። ወንበሩ ስድስት ሴንቲ ሜትር ያህል ሰመጠ፤ ከዚያ ላይ ታች፣ ላይ ታች ይለው ጀመር። እጀታውን ጨብጦ ይዞ «ልጄ፣ ይሄ ወንበር ነው በቅሎ?» አለኝ። ሲወርድ ደግሞ ጎንበስ ብሎ ሞላዎቹን አየና «ባሌስትራ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይዘልም ነበር» አለ። ልክ ነበር። ባሌስትራ ቅጠል በቅጠል የተደራረበ ብረት ስለሆነ ቅጠሎቹ እርስ በርስ ሲፋተጉ ንዝረቱን ይበላሉ። ጥቅል ሞላ ግን የተቀበለውን ሁሉ መልሶ ይሰጣል፤ ለዚህ ነው መኪና ላይ አጠገቡ አሞርዛተር የሚታሰርለት። (ሞላም ባሌስትራም የጣልያን ቃላት ናቸው። ጋራዦቻችን ውስጥ ጣልያን ዛሬም አለ።)

ኮድ አልሠራ ሲለኝ የማደርገውን አደረግኩ፦ ይሄን ስህተት ከእኔ በፊት ማን ሠራው? ብዬ ፍለጋ ገባሁ። ፍለጋው ከመቶ ሰባ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ወሰደኝ።

እ.ኤ.አ. 1849፣ ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ትሮይ የምትባል ከተማ። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ትሮይ በዚያ ዘመን ብረት የሚቀልጥባት፣ ምድጃና የፈረስ ጫማ የሚመረትባት ከተማ ነበረች። ቶማስ ዋረን የተባለ ሰው እዚያ አንድ ወንበር ሠርቶ የፈጠራ መብት አወጣበት፤ አምራቹም አሜሪካን ቼር ካምፓኒ ነበር። መቀመጫው እንደ ተራ ወንበር በቀጥታ እግር ላይ አልተቀመጠም። መሐል ላይ ቆሞ፣ ከመቀመጫው ስር ወደ ውጭ ጎበጥ ያሉ የብረት ሞላዎች ዙሪያውን ይዘውታል። የተቀመጠበት ሰው ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ጎን፣ ክብደቱን ወደ ጣለበት ሁሉ ይዘነበላል። ይሽከረከራልም፤ ከታች ትንንሽ ጎማዎች አሉት። ዛሬ ቢሮ ውስጥ የምንቀመጥበትን ወንበር ስታዩ ቅድመ አያቱ ይሄ ነው ማለት ይቻላል።

ሞላው ራሱ አዲስ አልነበረም። እንግሊዝ ውስጥ ኦባዲያ ኤሊዮት በ1804 ሁለት ጎባጣ ባሌስትራዎችን ፊት ለፊት ገጥሞ፣ የዓይን ቅርጽ ባለው ሞላ ላይ ሠረገላ አስቀምጦ ነበር። የሠረገላው ሞላ የተሠራው ግን የመንገዱን ንቅናቄ ከሰውዬው ለማራቅ ነው። ዋረን ነገሩን ገለበጠው፤ ወለሉ ዝም ባለበት ሳሎን ውስጥ ንቅናቄን ለሰው ልስጥ አለ። እኔ ምናለሽ ተራ ስወርድ ይሄ ልዩነት ጭራሽ አልታየኝም ነበር። አባቴን የሚያስተኛው ከመንገዱ ተርፎ ወንበሩ ጋ የሚደርሰው ንቅናቄ ነው፤ እኔ ግን መንገዱ በሌለበት ሞላውን ብቻ አምጥቼ መጠበቅ ጀመርኩ።

የዋረን ወንበር በ1851 ለንደን ሃይድ ፓርክ ውስጥ በመስታወት ቤቱ፣ በክሪስታል ፓላስ በተካሄደው ታላቅ የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ ቀረበ። እንግሊዞች ምቾቱ ከልክ ያለፈ፣ ለሥነ ምግባር የማይበጅ ሆኖ ታያቸው እየተባለ ይተረካል። በዚያ ዘመን ጨዋ ሰው ቀጥ ብሎ ነበር የሚቀመጠው። ሞላዎቹም ቢሆኑ በግልጽ አይታዩም፤ ከመቀመጫው ጠርዝ የተንጠለጠለ ዘርፍ ይሸፍናቸዋል። ብረቱ ያሳፈራቸው ይመስላል።

ግን ዋረን ወንበር ላይ ብትቀመጡ ትወዛወዛላችሁ እንጂ እሹሩሩ አትባሉም። ዘንበል ትላላችሁ፣ ሞላው ቶሎ ይመልሳችኋል። ታዲያ ሰውን የሚያስተኛው ፍጥነት ስንት ነው?

ይሄን ጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች በአልጋ ሞክረውታል። በ2011 ባወጡት ጥናት 12 ወንዶች ከሰዓት በኋላ ለ45 ደቂቃ አንዴ ቆሞ በሚቀር፣ አንዴ ቀስ ብሎ በሚወዛወዝ አልጋ ላይ ሸለብ እንዲያደርጉ ተደረገ። በሚወዛወዘው ላይ ቶሎ እንቅልፍ ወሰዳቸው። በ2019 ደግሞ 18 ሰዎች ሙሉ ሌሊት አደሩበት፤ ቶሎ ከመተኛታቸው ሌላ ጥልቅ እንቅልፋቸው ረዘመ፣ ማታ ያጠኗቸውን ቃላትም ጠዋት በተሻለ አስታወሱ። በዚያው ዓመት በአይጥ ላይ በተሠራ ጥናት፣ ጆሯቸው ውስጥ ንቅናቄን የሚለካው ክፍል የማይሠራላቸው አይጦች ከመወዛወዙ ምንም አልተጠቀሙም። ማለትም እሹሩሩ የሚባለው ጀርባ አይደለም፤ ውስጠኛው ጆሮ ነው።

የጄኔቫው አልጋ አንድ ጊዜ ሄዶ ለመመለስ አራት ሰከንድ ይፈጅበታል። የእኔ ወንበር ግን በአንድ ሰከንድ ሁለቴ ይዘላል።

እዚህ ጋ ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣሁ። ክብደት ከላይ የተጫነበት ሞላ ምን ያህል ቶሎ እንደሚዘል ለማወቅ የሞላውን ጥንካሬም የሰውዬውን ኪሎም ለየብቻ ማወቅ አያስፈልግም፤ ሰውዬው ሲቀመጥበት ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሰመጠ ማወቅ ብቻ ይበቃል። ስድስት ሴንቲ ሜትር ከሰመጠ፣ በሰከንድ ሁለት ጊዜ። ፍጥነቱን በግማሽ ለመቀነስ መስመጡ አራት እጥፍ መሆን አለበት። ስለዚህ በሰከንድ አንድ ጊዜ እንዲሆን 25 ሴንቲ ሜትር፤ በሁለት ሰከንድ አንድ ጊዜ እንዲሆን አንድ ሜትር፤ የጄኔቫውን አራት ሰከንድ ለማግኘት ደግሞ አራት ሜትር።

አራት ሜትር! አስቡት፤ አባቴ ገና ቁጭ ሲል አራት ሜትር ወደ ታች መውረድ አለበት። የቤታችን ጣሪያ ከፍታው ሦስት ሜትር አይሞላም። ገመድ ላይ ልስቀለው ብልም ያው ነው፤ አራት ሰከንድ የሚፈጅ ዥዋዥዌ ገመዱ አራት ሜትር ነው፤ ቀመሩ አንድ ስለሆነ ቁጥሩም አንድ ነው። ሻጩ የፈለገውን ያህል ለስላሳ ሞላ ቢሰጠኝ ኖሮም አይሠራም ነበር። ደግሞ ቢሠራስ? ቀስ ብሎ ላይና ታች የሚል ነገር ምን እንደሚያደርግ ባሕር ላይ የሄደ ያውቀዋል፤ ያስመልሳል።

ይሄን ሳሰላ በአንድ በኩል አፈርኩ፤ ሁለተኛ ዓመት ላይ የተማርኩት ነገር ነው። በሌላ በኩል ደግሞ የድሮ አናጺዎች ያለ ቀመር የደረሱበት ነገር ገባኝ።

ቅስት እግር ያለው ተወዛዋዥ ወንበር አሜሪካ ውስጥ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ አለ። ቤንጃሚን ፍራንክሊን ፈጠረው የሚል ወሬ ይናፈሳል፤ ማስረጃ የለውም። የሕፃን አልጋ ላይ የነበረውን ቅስት ወንበር ስር ማድረግ ነው፤ ማንም አናጺ ሊያስበው ይችላል። ብልሃቱ ግን ትልቅ ነው። ቅስቱ ክብደቱን በሙሉ ራሱ ይሸከማል፤ ምንም የሚሰምጥ ነገር የለም። የቅስቱ ክብ መሐሉ የት ጋ እንደሚውል አስቡ፤ ተቀምጦ ካለው ሰው የክብደት ማዕከል ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። ሁለቱ እየተቀራረቡ በሄዱ ቁጥር ወንበሩ እየዘገየ ይሄዳል። ከተላለፉ ግን ወንበሩ ሰውዬውን ይዞ ይገለበጣል። ቀስ ማለትና መውደቅ ጎረቤት ናቸው ማለት ነው።

ችግሩ ሌላ ጋ ነበር። ወንበሩ በተወዛወዘ ቁጥር ትንሽ ትንሽ እየተንፏቀቀ ከክፍሉ ጥግ ይደርሳል፤ ምንጣፍ ይፍቃል፤ የልጅ ጣትና የድመት ጭራ ይረግጣል። ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ባሉት አሥርት ዓመታት፣ ሳሎን በምንጣፍ መሸፈን በተለመደበት ጊዜ፣ ለዚህ መፍትሔ የፈጠራ መብት የሚያወጣው ሰው በዛ። ኒው ዮርክ ውስጥ ይሠራ የነበረው ጀርመን ተወላጁ ጆርጅ ሁንዚንገር አንዱ ነበር። መፍትሔው ወንበሩን ሁለት አካል ማድረግ ነው። የታችኛው ወለሉ ላይ ቆሞ ይቀራል፤ የላይኛው ቅስት የታችኛው ላይ ይንከባለላል። ሁለቱን የሚያያይዛቸው ደግሞ ከግራና ከቀኝ የተያዘ ሞላ ነው።

እኔን ያስደነቀኝ እዚህ ያለው የሞላ ሥራ ነው። ሰውዬውን አይሸከምም። ሁለቱ አካላት እንዳይለያዩ ይይዛል፤ ወደ ኋላ ብዙ ሲሄዱበት ቀስ ብሎ ይጎትታል። ክብደቱ ከተነሳለት በኋላ መስመጥ የለበትም፤ ስለዚህ አጭርና ትንሽ ሊሆን ይችላል፣ ዘርፍም መሸፈኛም አያስፈልገውም። ወደ መገልበጥ ቀረብ ያለ፣ ቀስ ያለ ወንበር መሥራት ከፈለጋችሁም ሞላው ገደሉ አፍ ላይ ይይዛችኋል። የአራት ሜትሩ ሂሳብ ማምለጫው ይሄ ነው፦ ሸክሙን ለእንጨት፣ መመለሱን ለሞላ።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ በአብዛኛው ወደ ኋላ መለጠጥን እዚያው ላይ የመጨመር ታሪክ ነው። በ1928 ሚቺጋን ውስጥ ሞንሮ በተባለች ከተማ ኤድዋርድ ክናቡሽና ኤድዊን ሹሜከር የተባሉ የአጎት ልጆች ወደ ኋላ የሚለጠጥ የእንጨት የበረንዳ ወንበር ሠሩ፤ የመጀመሪያውን ሙከራ ከብርቱካን ሣጥን እንጨት ነው የሠሩት ይባላል። ቆይቶ ስፖንጅና ጨርቅ ለበሰና ሌዚ ቦይ የሚባለው ሶፋ ሆነ። እየተወዛወዘ ወደ ኋላም የሚለጠጠው ሞዴላቸው የወጣው ግን በ1961 ነው። ሠላሳ ሦስት ዓመት ገደማ ምን አቆያቸው ብዬ ነበር። እግሩን የዘረጋና የተለጠጠ ሰው የክብደት ማዕከሉ ቦታ ይቀይራል፤ ተቀምጦ የተስማማው ቅስት ተኝቶ አይስማማውም። ዛሬም ብዙዎቹ ወንበሮች የእግር ማሳረፊያው ሲወጣ መወዛወዙን ይቆልፉታል። ወይ ትወዛወዛለህ ወይ ትተኛለህ፤ ሁለቱን አንድ ላይ መስጠት አሁንም ከባድ ነው።

ሞላውን ጭራሽ ያስቀሩም አሉ። ፊንላንዳዊው አልቫር አልቶ በ1930ዎቹ፣ ጃፓናዊው ኖቦሩ ናካሙራ ደግሞ በ1976 ለኢኬያ፣ እንጨቱን በስሱ ደራርበውና አጉብጠው ራሱን ሞላ አደረጉት። የናካሙራው እዚህም አዲስ አበባ ካፌ ውስጥ አስመስለው የሠሩትን አይቻለሁ። ያምራል። አባቴ ግን «ይሰበራል» ብሎ አይቀመጥበትም።

ሁለተኛውን ወንበር ከአንድ አናጺ ጋር ሠራነው። ዋንዛ እንጨት፣ የ110 ሴንቲ ሜትር ራዲየስ ያላቸው ሁለት ቅስቶች፣ ከታች የማይንቀሳቀስ መቆሚያ። ከአራቱ ሞላዎች ሁለቱን ከግራና ከቀኝ አሰርኳቸው። በስልኬ ሰዓት ይዤ ቆጠርኩ፦ ሃያ ውዝዋዜ በ42 ሰከንድ። አንዱ ሁለት ሰከንድ ከትንሽ ነው፤ ከጄኔቫው ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነኝ። ቅስቱን ትንሽ ብቀይረው ሦስት ሰከንድ ይደርሳል ብዬ አስላሁ፤ ግን ከዚያ ወዲያ ያለው ገደል አባቴ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ የሚሞከር አይደለም።

እሑድ ከምሳ በኋላ ተቀመጠበት። መጀመሪያ እንደ መኪና መሪውን የፈለገ ይመስል እጆቹን የት እንደሚያደርግ አጣ። ከዚያ በአንድ እግሩ ወለሉን ገፋ፣ ተወው፣ እንደገና ገፋ። እማዬ ቴሌቪዥኑን ቀነሰች። ትንሽ ቆይቶ እግሩ መግፋት አቆመ፣ አገጩ ደረቱ ላይ ወረደ፤ ሁላችንም በሹክሹክታ ማውራት ጀመርን። አርባ ደቂቃ ገደማ ነው የተኛው። ሌሊቱን አሁንም ይገላበጣል፤ እውነቱን ልናገር።

ሲነቃ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ ወንበሩን አንዴ ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ አዳመጠ። «የግራው ሞላ ይንቋቋል» አለኝ። «ግሪስ አምጣ።»