በተሽከርካሪ አደጋ ለደረሰ የአካል ጉዳት ካሳ እስኪከፈል፦ በመጠበቂያው ጊዜ ሊታወቁ የሚገባቸው ጉዳዮች

በተሽከርካሪ አደጋ አካሉ የተጎዳ ሰው የካሳ ጥያቄ ባቀረበ ማግስት ክፍያ አያገኝም። ጉዳዩ ወራትን፣ አንዳንድ ጊዜም ከዓመት በላይ ሊወስድ ይችላል። ከዚህ መጠበቅ ከፊሉ ለተጎጂው የሚጠቅም ሲሆን ከፊሉ ግን መብቱን ሊያሳጣው የሚችል ነው። ይህ መግለጫ ሁለቱን ለይቶ ለማሳየት የተዘጋጀ ሲሆን፣ በዋናነት የሚመለከተው በእግሩ ሲጓዝ በተሽከርካሪ የተገጨን ሰው ነው። ሒሳብ ከፍሎ ሲጓዝ የተጎዳ ተሳፋሪ ከአጓዡ ጋር ውል ያለው በመሆኑ በሌሎች ድንጋጌዎች ሊዳኝ ስለሚችል፣ በጊዜ የሕግ ባለሙያ ቢያማክር ይመረጣል።

ካሳው ከማን ይጠየቃል?

በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 መሠረት የተሽከርካሪ ባለንብረት፣ ምንም ጥፋት ባይኖርበትም፣ ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። ስለሆነም ተጎጂው የባለንብረቱን ጥፋት የማስረዳት ግዴታ የለበትም። ጉዳቱ በሙሉ ወይም በከፊል በራሱ በተጎጂው ጥፋት የደረሰ መሆኑ ከተረጋገጠ ግን ካሳው ሊቀር ወይም ሊቀነስ ይችላል።

በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን ሽፋን ሊኖረው ይገባል። ገጭቶ ባመለጠ ወይም መድን በሌለው ተሽከርካሪ ጉዳት የደረሰበት ሰው ጥያቄውን ለመድን ፈንድ ማቅረብ ይችላል። መድን ሰጪው በዚህ ሽፋን የሚከፍለው በሕግ በተወሰነው ጣሪያ ልክ ብቻ ነው። ብዙ ተጎጂዎች ይህ ጣሪያ የካሳቸው መጨረሻ እንደሆነ ያስባሉ፤ ይህ ስህተት ነው። ጉዳቱ ከጣሪያው በላይ ከሆነ ቀሪውን ከባለንብረቱ መጠየቅ ይቻላል።

መጠበቅ የሚጠቅመው መቼ ነው?

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ካሳ ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል እንዲሆን ያዛል። የጉዳቱ መጠን የሚታወቀው ግን ሕክምናው ሲጠናቀቅ፣ ወይም ሐኪሞች ከዚህ በኋላ የተለየ መሻሻል አይኖርም ብለው ሲደመድሙ ነው። እግሩ ተሰብሮ ብረት የገባለት ሰው በሦስተኛው ወር ያለ ምርኩዝ መራመድ ሊጀምር ይችላል፤ ብረቱን ለማውጣት ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገው እንደሆነ፣ ጉልበቱም እንደ ቀድሞው ይታጠፍ እንደሆነ ግን ገና አይታወቅም። በዚህ ጊዜ ሙሉ ካሳ ተቀብያለሁ ብሎ የሚፈርም ተጎጂ የኋለኛውን ወጪ በራሱ ላይ ይጭናል።

በመሆኑም ሊጠበቅ የሚገባው ዋናው ሰነድ የቋሚ አካል ጉዳትን መጠን በመቶኛ የሚገልጸው የሐኪሞች ቦርድ ማስረጃ ነው። የዚህ መቶኛ ጥቅም በምሳሌ ሲታይ ግልጽ ይሆናል። በወር 6,000 ብር የሚያገኝ የጉልበት ሠራተኛ 20 በመቶ ቋሚ ጉዳት ደርሶበታል እንበል። የሚያጣው ገቢ በወር 1,200 ብር፣ በዓመት 14,400 ብር ይሆናል። ሊሠራ የሚችልባቸው 20 ዓመታት ቢቀሩት ድምሩ 288,000 ብር ይደርሳል። ይህ መነሻ ስሌት እንጂ ፍርድ ቤት የግድ የሚወስነው አኃዝ አይደለም፤ ዳኞች የጉዳቱን ትክክለኛ መጠን ማወቅ በማይቻልበት ጊዜ በርትዕ የመወሰን ሥልጣን አላቸው። ሆኖም ያለ ቦርድ ማስረጃ ስሌቱን መጀመር እንኳ አስቸጋሪ ነው።

ለሕሊና ጉዳት የሚከፈለው ካሳ በአንቀጽ 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ተወስኗል። ገንዘቡ ዛሬ ካለው የኑሮ ሁኔታ አንጻር እጅግ አነስተኛ በመሆኑ፣ የተጎጂው ትኩረት በሕክምና ወጪና በተቋረጠ ገቢ ማስረጃ ላይ ቢሆን ይበጃል። ለመድኃኒትና ለምርመራ የተከፈለበት ደረሰኝ ሁሉ ዋናው ይቀመጥ። ለሕክምና ሲመላለሱ የሚሳፈሩበት ባጃጅ ደረሰኝ አይሰጥም፤ ስለዚህ ቀኑን፣ መነሻና መድረሻውን እንዲሁም የተከፈለውን ሒሳብ በየዕለቱ በደብተር መመዝገብ ያስፈልጋል። መዝገቡ ከሐኪም ቀጠሮ ቀናት ጋር ሲመሳከር ክብደት ይኖረዋል።

መጠበቅ የሚጎዳው መቼ ነው?

በአንቀጽ 2143 መሠረት የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ጉዳቱ የደረሰው በወንጀል በሚያስጠይቅ ድርጊት ሆኖ የወንጀል ሕጉ ለድርጊቱ ረዘም ያለ የይርጋ ጊዜ የሚሰጥ ከሆነ ረጅሙ ጊዜ ለካሳውም ያገለግላል። ይሁን እንጂ ባለንብረቱና መድን ሰጪው ወንጀሉን እኛ አልፈጸምንም በማለት ሊከራከሩ ስለሚችሉ፣ በዚህ ልዩ ሁኔታ ላይ ተማምኖ ሁለት ዓመቱን ማሳለፍ አይመከርም።

“ፋይሉ እየታየ ነው”፣ “በሚቀጥለው ወር ተመለስ” የሚሉ የቃል ምላሾች እንደ ማረጋገጫ ሊቆጠሩ አይገባም። ተጎጂው የካሳ ጥያቄውን በጽሑፍ ማቅረብ፣ በቅጂው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ማስመታት፣ ምላሹንም በጽሑፍ መጠየቅ ይኖርበታል። ሁለት ዓመቱ ሊሞላ ተቃርቦ የቦርድ ማስረጃው ካልደረሰ ክሱን አስቀድሞ መመሥረት ይሻላል፤ ተጎጂው ለሐኪሞች ቦርድ እንዲቀርብ ፍርድ ቤቱ ራሱ ትእዛዝ ሊሰጥ ይችላል።

የአሽከርካሪውን የወንጀል ጉዳይ ውሳኔ መጠበቅም ሌላው የመዘግየት ምክንያት ነው። አሽከርካሪው በነጻ ቢሰናበት እንኳ የካሳ ጥያቄው አይወድቅም። በአንቀጽ 2149 መሠረት የፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤት በወንጀል ችሎት በተሰጠ የነጻ መለቀቅ ውሳኔ አይገደድም፤ የባለንብረቱ ኃላፊነትም ከላይ እንደተገለጸው በጥፋት ላይ የተመሠረተ አይደለም።

በእርቅ ሰነድ ላይ ስለሚደረግ ፊርማ

ከአደጋ በኋላ የአሽከርካሪው ቤተሰብ ሽማግሌ መላኩ የቆየና የተከበረ ልማድ ነው፤ ሕጉም አይከለክለውም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በመጨረሻ በሚጻፈው ወረቀት ላይ ነው። ተጎጂው ቂም እንደሌለው የሚገልጽ ሰነድ አንድ ነገር ነው፤ “ከእንግዲህ ምንም ዓይነት የካሳ ጥያቄ አላነሳም” የሚል ሐረግ ያለበት ሰነድ ደግሞ ሌላ ነው። ሁለተኛው ሰነድ እንደ ግልግል ውል ተቆጥሮ በተዋዋዮቹ መካከል የመጨረሻ ፍርድ ያህል ውጤት ሊኖረው ስለሚችል፣ በባለንብረቱና በመድን ሰጪው ላይ የሚቀርበውንም ጥያቄ ሊያሰናክል ይችላል። ለሕክምና ወይም ለቀለብ እርዳታ የተቀበለ ሰው የተቀበለውን የገንዘብ ልክ፣ ለምን እንደተሰጠውና ቀሪ የካሳ መብቱ የተጠበቀ መሆኑን በሰነዱ ላይ ማስፈር አለበት። ማንበብ የማይችል ተጎጂ ከሽማግሌዎቹ ወገን ያልሆነ፣ የሚያምነው ሰው ሳያነብለት መፈረም የለበትም።

ለፍርድ ቤት ዳኝነት የሚከፍለው የሌለው ሰው በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 467 ጀምሮ በተደነገገው መሠረት በደኃ ደንብ ለመክሰስ ፈቃድ መጠየቅ ይችላል። በሕግ ትምህርት ቤቶች ሥር የሚገኙ የነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላትም የክስ ማመልከቻ በማዘጋጀት ያግዛሉ። ወደ ማዕከሉ የሚሄድ ባለጉዳይ የትራፊክ ፖሊስ የአደጋ ሪፖርት ቅጂ፣ የተሽከርካሪውን የሰሌዳ ቁጥር፣ የመድን ሰጪውን ስም፣ የሕክምና ማስረጃና አደጋው ከመድረሱ በፊት የነበረውን ገቢ የሚያሳይ ማናቸውንም ሰነድ ይዞ መቅረብ አለበት።