በፈረንሳይ ሥርዓት ለሚማሩ ልጆች፦ ቤተሰብ ሲዛወር ክፍልና ዕድሜ እንዴት ይቆጠራሉ?

ከመካኒሳ አቦ ተነሥቶ በሳር ቤት በኩል ወደ ሜክሲኮ የሚጓዝ ሰው የአፍሪካ ኅብረትን ዋና መሥሪያ ቤት በመንገዱ ያገኛል። ፈረንሳይኛ ከኅብረቱ የሥራ ቋንቋዎች አንዱ በመሆኑ ለሥራ የሚመጡ ብዙ ቤተሰቦች ልጆቻቸው በጀመሩት የፈረንሳይ ሥርዓት እንዲቀጥሉ ይሻሉ። ከፈረንሳይ ወይም ከጅቡቲ የሚመለሱና ወደዚያ የሚሄዱ ኢትዮጵያውያንም ተመሳሳይ ጥያቄ ይገጥማቸዋል፦ ልጁ ስንተኛ ክፍል ይገባል?

በአዲስ አበባ የዚህ ሥርዓት ዋና ተቋም በቸርችል ጎዳና የሚገኘው ሊሴ ገብረ ማርያም ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1947 የተመሠረተ ሲሆን፣ ስያሜውን ያገኘው ከፋሺስት ጣሊያን ወራሪ ጋር ሲዋጉ ከወደቁት አርበኛ ከደጃዝማች ገብረ ማርያም ነው። ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ እስከ ባካሎሪያ ፈተና ያስተምራል፤ አማርኛም ከሚሰጡት ትምህርቶች አንዱ ነው። የፈረንሳይ ትምህርት ሚኒስቴር እውቅና የሰጠው በመሆኑ፣ እውቅና ካለው ሌላ ትምህርት ቤት የሚዛወር ተማሪ ቦታ ካለ ያለ መግቢያ ፈተና በደረሰበት ክፍል ይቀጥላል። ከሌላ ሥርዓት ለሚመጣ ልጅ ግን የቋንቋና የዕውቀት ደረጃው ይመዘናል።

ብዙ ወላጆችን የሚያሳስተው የክፍሎቹ አጠራር ነው። የመጀመሪያ ደረጃው አምስት ዓመት ይፈጃል። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ወደ ታች ይወርዳል፦ ሲዚየም (ስድስተኛ)፣ ሴንኪየም (አምስተኛ)፣ ካትሪየም (አራተኛ)፣ ትሯዚየም (ሦስተኛ)። እነዚህ በተራ ከእኛ 6ኛ፣ 7ኛ፣ 8ኛና 9ኛ ክፍል ጋር ይመጣጠናሉ። ስለዚህ በማስረጃው ላይ «ሦስተኛ» ተብሎ የተጻፈለት ተማሪ ከእኛ 9ኛ ክፍል ጋር የሚስተካከል እንጂ የ3ኛ ክፍል ልጅ አይደለም። ቀጥሎ የሚመጡት ሰጎንድ፣ ፕረሚየርና ተርሚናል 10ኛ፣ 11ኛና 12ኛ ክፍል ናቸው።

ሁለተኛው ጉዳይ ዕድሜ ነው። በፈረንሳይ ሥርዓት ልጅ አንደኛ ክፍል የሚገባው 6 ዓመት በሚሞላበት ዓመት መስከረም ላይ ነው፤ በኢትዮጵያ ግን 7 ዓመት ሲሆነው ነው። በዕድሜ ብቻ ከተመደበ 4ኛ ክፍል ያለ የ10 ዓመት ልጅ በዚያ 5ኛ ክፍል ሊገኝ ይችላል። በተጨማሪም ዓመቱ የሚቆጠረው ከፈረንጆች ጥር እስከ ታኅሣሥ ነው። የፈረንጆች አዲስ ዓመት በእኛ ታኅሣሥ 23 ወይም 22 ስለሚውል፣ በአንድ ዓመት ታኅሣሥ 20 የተወለደና ታኅሣሥ 25 የተወለደ ሁለት ሕፃናት በተለያየ ክፍል ይመደባሉ። የልደት ምስክር ወረቀት ሲተረጎም ቀኑ በትክክል መመለሱን ማረጋገጥ ይገባል።

ሦስተኛው የዝውውሩ ጊዜ ነው። የባካሎሪያ ውጤት በመጨረሻው ፈተና ብቻ አይወሰንም። የፈረንሳይኛ ፈተና በፕረሚየር መጨረሻ ይሰጣል፤ የሁለቱ ዓመታት የክፍል ውጤትም ይታሰባል። በመሆኑም በፕረሚየርና በተርሚናል መካከል ሥርዓት መለወጥ ለልጁ ከባድ ነው። ቤተሰቡ የግድ ካልሆነበት ዝውውሩን ከሰጎንድ በፊት ወይም ከባካሎሪያ በኋላ ቢያደርገው ይመረጣል።

ወደ ፈረንሳይ ለሚሄዱ ደግሞ ትምህርት ከ3 እስከ 16 ዓመት ግዴታ ነው፤ የመንግሥት ትምህርት ቤትም ነፃ ነው። የመጀመሪያ ደረጃ ምዝገባ በከተማው ማዘጋጃ ቤት ይጀመራል፤ ቋንቋውን ለማያውቁ ልጆችም ልዩ የፈረንሳይኛ ድጋፍ የሚሰጥባቸው ክፍሎች አሉ።

ከመነሣት በፊት የልደትና የክትባት ማስረጃን፣ ያለፉ ዓመታት የውጤት ካርዶችንና የመልቀቂያ ደብዳቤን ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ወደ አገሩ የሚመለስ ልጅ በአገሩ ትምህርት ቤት ለመቀጠል አማርኛ ማንበብና መጻፍ ስለሚያስፈልገው፣ በውጭ ሳለ ፊደሉን እንዳይረሳ ቤተሰቡ በቤት ሊያስተምረው ይገባል።