የሙቀት ሴንሰር ከመቀየርዎ በፊት

የ«ቼክ ኢንጂን» መብራት በርቶ ስካነሩ «ፒ 0118» የሚል ኮድ ካወጣ፣ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር «የሞተሩን ሙቀት ሴንሰር ቀይር» የሚል ነው። ባለመኪናውም በቀጥታ ወደ ሶማሌ ተራ ይሄዳል። እኔ ግን አስቀድሜ የምጠይቀው «ተለክቷል ወይ?» ብዬ ነው። ኮዱ የሚናገረው ስለ መስመሩ ነው፤ መስመሩ ደግሞ ሴንሰሩን ብቻ ሳይሆን ሶኬቱን፣ ሁለቱን ሽቦዎችና ኮምፒውተሩን ይጨምራል።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ኮምፒውተሩ ወደ ሴንሰሩ 5 ቮልት ይልካል። የራዲያተሩ ውኃ ሲሞቅ የሴንሰሩ ሬዚስታንስ ይቀንሳል፣ ቮልቴጁም አብሮ ይወርዳል። ሽቦው ከተበጠሰ ኮምፒውተሩ ሞተሩ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ የቀዘቀዘ ይመስለዋል፤ ፒ 0118 ማለት ይህ ነው። ሾርት ከሆነ ደግሞ ከመጠን በላይ የጋለ ይመስለዋል፤ ይህ ፒ 0117 ነው። የመጀመሪያው ነዳጅ ያባክናል፣ ሁለተኛው ጠዋት ሞተሩ አልነሳ እንዲል ያደርጋል።

ምርመራው ከአንድ ቴስተር በላይ አይጠይቅም። ሞተሩን ያጥፉ፣ ሶኬቱን ይንቀሉና ቁልፉን ብቻ ይክፈቱ። በሶኬቱ ሁለት ቀዳዳዎች መካከል 5 ቮልት ያህል ከተገኘ ሽቦውም ኮምፒውተሩም በአብዛኛው ደህና ናቸው፤ የሚጠረጠረው ሴንሰሩ ወይም የዛገ ሶኬት ነው። ካልተገኘ አንዱን የቴስተር ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ ላይ አድርገው ደግመው ይለኩ። አሁን 5 ቮልት ከመጣ የተበጠሰው የመመለሻው ሽቦ ነው።

ቀጥሎ ሴንሰሩ ራሱ ይለካል። በብዙ የቶዮታ ሞዴሎች በ20 ዲግሪ ከ2,000 እስከ 3,000 ኦም፣ በ80 ዲግሪ ደግሞ ከ200 እስከ 400 ኦም ያሳያል። በፈላ ውኃ ለሚፈትሹ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፤ አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ እንጂ በ100 አይደለም። ቴርሞሜትር ካልተጠቀሙ ደህናውን ሴንሰር ተበላሽቷል ሊሉት ይችላሉ።

በአንዳንድ መኪኖች የዳሽቦርዱ የሙቀት ጌጅ የራሱ ሌላ ሴንሰር አለው። ስለዚህ ጌጁ ወደ ቀዩ ከወጣ «ሴንሰሩ ነው» ብለው መንዳትዎን አይቀጥሉ። መኪናውን ያቁሙ፣ ሞተሩ እስኪበርድም የራዲያተሩን ክዳን አይክፈቱ። ሙቀቱ እውነተኛ ከሆነ የሚጣመመው ቴስታታው ነው፤ የዚያ ወጪ ደግሞ ከሴንሰር ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም።